ትራይቡናል (የሥራ ክርክር ችሎት) ለመክሰስ 1,200 ፓውንድ ይከፈላል የሚባለው እውነት ነው?

ምሥራቅ_ለንደን | ኖቬምበር 10 ቀን 2025፣ ከምሽቱ 3፡12

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። እኔ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። ዛሬ ግን ስለከነከነኝ ነው።

ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ ሴፕቴምበር 26 በአንድ ኤጀንሲ በኩል ቢሮ ሳጸዳ ቆየሁ። በሳምንት 20 ሰዓት፣ በሰዓት 12 ፓውንድ ከ21። ከሌሊቱ 9 ተኩል ተነስቼ፣ በሌሊት ባስ ሄጄ፣ ነጮቹ ቡናቸውን ይዘው ሲገቡ እኔ ባልዲዬን ይዤ እወጣለሁ። በእነዚህ ወራት አንድ ቀን እንኳ ዕረፍት አልወጣሁም። በጠየቅኩ ቁጥር ሱፐርቫይዘሯ "አሁን ሰው የለኝም፣ ትንሽ ታገሺ" ትላለች። ታገስኩ።

ሥራውን ስለቅ ያልወጣሁበትን ዕረፍት በገንዘብ ይሰጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ኦክቶበር 10 የመጣው ፔይስሊፕ (የደመወዝ ወረቀት) ላይ "ሆሊደይ" የሚል መስመር አለ። ፊት ለፊቱ 0.00 ይላል። ስደውል "አንቺ ዜሮ አወር ነሽ፣ ሆሊደይ የለሽም" አሉኝ። ውልሽ ቋሚ ሰዓት የለውም ማለታቸው ነው።

ክሰሺ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አንዲት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ግን "ተይው እህቴ፣ ትራይቡናል ለመግባት ብቻ 1,200 ፓውንድ ይጠይቁሻል። ባለቤቴ ሞክሮ ያየው ነው" አለችኝ። እውነት ነው? ያን ያህል ገንዘብ ቢኖረኝማ መቼ ባልዲ እሸከም ነበር።

አራዳው_በክሮይደን | ኖቬምበር 10፣ ከምሽቱ 3፡40

1,200? በዚያ ብር ሱፐርቫይዘሯን አዲስ አበባ ወስጄ ክትፎ አብልቼ እመልሳታለሁ። ስትመለስ በራሷ ትከፍልሻለች ሃሃ።

ሕግ_ነክ | ኖቬምበር 10፣ ከምሽቱ 4፡25

እህቴ አይዞሽ። አይከፈልም። ዛሬ የሥራ ክርክር ወደ ትራይቡናል ለማቅረብ አንዲት ፔኒ አትጠየቂም። ሆስፒታል ውስጥ የዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) ተወካይ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ በዚህ ጉዳይ የሚመጣብኝ ጥያቄ በሙሉ ካንቺ ጋር አንድ ነው።

ጓደኛሽ ግን ከሜዳ አላነሳችውም። ነበር። ከጁላይ 29 ቀን 2013 እስከ ጁላይ 26 ቀን 2017፣ አራት ዓመት ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀረው። ያመጡት በዴቪድ ካሜሮን መንግሥት የፍትሕ ሚኒስትር የነበሩት ክሪስ ግሬይሊንግ ናቸው። የሚከፈለው ሁለቴ ነው። አንዱ ፎርሙ ሲገባ፣ ሌላው ጉዳዩ ከመሰማቱ በፊት። ያልተከፈለ ደመወዝና የዕረፍት ክፍያ ዝቅተኛው መደብ ውስጥ ነበሩ፣ 160 ከዚያ 230፣ በድምሩ 390 ፓውንድ። ያለአግባብ መባረርና አድልዎ ከፍተኛው ውስጥ፣ 250 ከዚያ 950። የጓደኛሽ 1,200 የመጣው ከዚህ ነው፤ ባለቤቷ ተባሮ ነበር ማለት ነው። ይግባኝ የሚል ደግሞ ሌላ 1,600 ይጨምራል።

አሁን ወዳንቺ። ዜሮ አወር ስለሆንሽ ዕረፍት የለሽም የሚባል ሕግ የለም። ሰዓቱ ለሚለዋወጥ ሠራተኛ ከሠራው ሰዓት ላይ 12.07 በመቶው የዕረፍት ሰዓት ሆኖ ይታሰባል። 39 ሳምንት ሠርተሻል፣ በ20 ሰዓት 780 ሰዓት። ከዚያ ላይ 94 ሰዓት ገደማ የዕረፍት ነው። በ12.21 ስታባዢው 1,149 ፓውንድ ግድም።

ቀኑን ግን ተጠንቀቂ። ያለሽ ጊዜ ሦስት ወር ሲጎድል አንድ ቀን ነው። ወደ ስድስት ወር የሚያራዝም ሕግ ፓርላማ ውስጥ አለ፣ እሱን አትጠብቂ። ገንዘቡ መከፈል ከነበረበት ቀን ነው የሚቆጠረው ብለሽ መከራከር ትችያለሽ፣ አንቺ ግን ከመጨረሻው የሥራ ቀንሽ ጀምረሽ ቁጠሪ። ዲሴምበር 25 ያልቃል ማለት ነው። የፈረንጅ ገና ሳይደርስ ጨርሺ። የእኛን ገና ከጠበቅሽ አለቀ።

መጀመሪያ የምትሄጂው ኤካስ ጋ ነው፣ ሠራተኛና ቀጣሪን የሚያስታርቀው መሥሪያ ቤት። በስልክም በኢንተርኔትም ይሆናል፣ እሱም ነጻ ነው። ያስታርቃሉ፣ ካልሆነ የምስክር ወረቀት ይሰጡሻል። ያለዚያ ወረቀት ቁጥር ትራይቡናሉ ፎርምሽን አይቀበልም። እነሱ ጋ እስካለሽ ድረስ ሰዓቱ ይቆምልሻል።

ምሥራቅ_ለንደን | ኖቬምበር 10፣ ከምሽቱ 4፡51

1,149?! እኔ 300 ምናምን ይሆናል ብዬ ነበር የማስበው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። ስንት ሰው ጠይቄ ማንም ሂሳቡን ሠርቶ አላሳየኝም።

ዕቁብተኛው | ኖቬምበር 11፣ ከቀኑ 7፡05

የጓደኛሽ ባል እኔ አይደለሁም። ልሆን ግን እችል ነበር።

ሆቴል ኪችን ውስጥ ስድስት ዓመት ሳህን አጥቤያለሁ። በ2014 ልጄ በተወለደች ሌሊት ሺፍት ቀረህ ተብዬ ተባረርኩ። ደውዬ ነበር። የደወልኩበት ሰዓት ስልኬ ላይ ተመዝግቧል፣ የሆስፒታሉም ወረቀት አለ። ነጻ ምክር የሚሰጠው የሲቲዝንስ አድቫይስ ቢሮ ልጅ አይታ "ይሄ ጥሩ ጉዳይ ነው" አለችኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። 250 ፓውንድ ከሚስቴ የጨቅላ አልጋ መግዣ ላይ አንስተን ከፈልን።

ከዚያ 950ው መጣ። ገቢው ዝቅ ላለ ሰው ምሕረት የሚጠየቅበት ፎርም ነበር። እኔ ሥራ የለኝም፣ ሚስቴ አራስ ናት፣ ለእኛ ያልሆነ ለማን ይሆናል ብዬ ሞላሁት። የባንክ ስቴትመንት አያይዝ ይላል፣ አያያዝኩ። ቁጠባ ደግሞ ከ3,000 ፓውንድ በታች መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። እኔ በዚያ ጊዜ የዕቁባችን ዳኛ ነበርኩ። አሥር ሰው፣ አራት አራት መቶ ፓውንድ። ቅዳሜ ይገባል፣ ሰኞ ለባለ ዕጣው ይወጣል። ስቴትመንቱ ያረፈው እሑድ ላይ ነው። 4,120 ፓውንድ ይላል። የኔዋ 120ዋ ናት።

የሰው ገንዘብ ነው ብዬ ጻፍኩላቸው። እስቲ ዕቁብን ለአንድ እንግሊዛዊ ጸሐፊ በእንግሊዝኛ አስረዳ። "ማኅበር ነው፣ ግን አልተመዘገበም። ገንዘቡ እኔ ጋ ነው፣ ግን የኔ አይደለም። ወለድ የለውም። ማስረጃው ደብተር ነው፣ ደብተሩ በአማርኛ ነው።" መልሱ አንድ መስመር ነበር።

የሆቴሉ ጠበቃ እስከዚያ ድረስ ዝም። አንድ ስልክ የለ፣ አንድ ደብዳቤ የለ። ኋላ ነው የገባኝ፤ ሁለተኛውን ክፍያ እከፍል እንደሆነ እያየኝ ነበር። ካልከፈልኩ ጉዳዩ በራሱ ይሞታል፣ ለምን ብሎ ይደራደራል? አልከፈልኩም። ሞተ።

የዕቁብ ዳኛ ሆኜ እውነተኛው ዳኛ ፊት መድረስ አቃተኝ።

አራዳው_በክሮይደን | ኖቬምበር 11፣ ከቀኑ 7፡30

በስማም። ትናንት የቀለድኩትን አንሱልኝ።

ሕግ_ነክ | ኖቬምበር 11፣ ከምሽቱ 2፡10

ዕቁብተኛው፣ ይህን ታሪክ በ2015 ባገኘው ኖሮ ዩኒሰን ለሚባለው ዩኒየን ይዤው እሮጥ ነበር። ክፍያውን ከሥሩ የነቀለው እሱ ነው። መጀመሪያ ላይ በታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ተሸንፏል። "ክፍያው ከባድ ነው ትላላችሁ እንጂ መክፈል ያልቻለ ሰው በስም አላመጣችሁም" ይባል ነበር። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ሰባቱ ዳኞች በአንድ ድምፅ ክፍያው ሕገ ወጥ ነው አሉ። ዋናውን ፍርድ የጻፉት ሎርድ ሪድ ናቸው።

ያ ፍርድ የሚወደድ አነጋገር አለው። ስለ መብት ብቻ አያወራም፣ ቁጭ ብሎ የወር ወጪ ይደምራል። በዝቅተኛ ደመወዝ የሚኖር ሰው ይህን ለመክፈል ከምን ላይ ይቀንሳል? ከልብስ? ከማኅበራዊ ኑሮ? ለጥቂት ወራት የኑሮን ተራ ነገር እየተዉ መክፈል ይቻላል ማለት መክፈል ይቻላል ማለት አይደለም ብለው ደመደሙ። የክሱ ብዛት ደግሞ ከ66 እስከ 70 በመቶ ወርዷል። ከአሥር ሰው ሰባቱ ድንገት ከአለቃው ጋር ተስማማ ብሎ ማን ያምናል?

በተለይ ትንሹ ገንዘብ ነው የተመታው። 300 ፓውንድ የተበላበት ሰው 390 ከፍሎ ይከራከራል? ባለ ትልቁ ገንዘብ ቢያንስ ያመነታል። ባለ ትንሹ አያመነታም፣ ይተወዋል። የጽዳት፣ የኪችን፣ የሽማግሌ እንክብካቤ ሠራተኛ የሚበላበት ገንዘብ ደግሞ ሁልጊዜ ትንሹ ነው።

ከዚያ በኋላ የከፈለ ሁሉ ይመለስለታል ተባለ። ተመለሰልህ?

ዕቁብተኛው | ኖቬምበር 11፣ ከምሽቱ 2፡38

ተመልሷል። በ2018 ነው። በዓመት ግማሽ በመቶ ወለድ ጨምረው 255 ፓውንድ ግድም። ሚስቴ ያን ቀን ሽንኩርት እየላጠች ነበር፣ "አልጋው ተመለሰ" አለችና ሳቀች። ልጅቷ ያኔ አራት ዓመቷ ነው፣ ምን አልጋ።

950ውን ስላልከፈልኩ የሚመለስ የለም። ክሱም አይመለስ።

እንጀራ_ቤት | ኖቬምበር 12፣ ከጠዋቱ 4፡20

የሁላችሁንም አነበብኩ። አዝናለሁም። ግን አንድ ሰው ከወዲያ ወገን ይናገር።

ሰባት ሰው ቀጥሬ እንጀራ እጋግራለሁ። አከፋፍላለሁ፣ ትንሽ ካፌም አለችኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ልጅ 2,000 ፓውንድ ቀርቶብኛል ብሎ ከሰሰኝ። የከፈልኩበት ሁሉ በእጄ ነበር፣ ከነፊርማው። ጠበቃ ያዝኩ። ስምንት ወር ተንጠልጥዬ ቆይቼ፣ በቀጠሮው ጠዋት ልጁ አልመጣም። ተዘጋ። ጠበቃው 3,000 ፓውንድ ወስዷል። ከልጁ ላይ አስመልስልኝ ስለው "እዚህ ችሎት ሁሉም የራሱን ነው የሚችለው" አለኝ።

ለመክሰስ ምንም ካልተከፈለ ማንም ተነስቶ ይከሳል። 1,200 ይሁን አልልም፣ ግፍ ነው። ግን 50 ፓውንድ ምን አለበት? ፍርድ ቤቱን የሚጠቀመው ከሳሹ ነው። ተጠቃሚው ትንሽ ቢነካካ?

አራዳው_በክሮይደን | ኖቬምበር 12፣ ከጠዋቱ 4፡44

እትዬ፣ እንጀራው የእርስዎ ከሆነ ክርክሩን ትቼዋለሁ። በልቻለሁ። ከሳሹ እንኳን አልመጣም፣ እኔ በየሳምንቱ እመጣለሁ።

ሕግ_ነክ | ኖቬምበር 12፣ ከቀኑ 8፡15

እትዬ፣ የእርስዎም ቁስል እውነተኛ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን የእርስዎን 50 ፓውንድ መንግሥትም አስቦት ነበር። በጃንዋሪ 2024 የወግ አጥባቂዎቹ መንግሥት 55 ፓውንድ ይከፈል ብሎ ሐሳብ አቅርቦ፣ ሕዝብ አስተያየት ይስጥበት አለ። በጁላይ ምርጫ ተሸነፈና እዚያው ቀረ። በቅርቡ ደግሞ የሌበር መንግሥት ሊያመጣው ነው የሚል ወሬ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ባለፈው ወር የፍትሕ ሚኒስትሩ ዴቪድ ላሚ ነጻ ሆኖ ይቀጥላል ብለው ዘጉት።

ክፍያ ውሸታሙን ያስቀራል የሚለው ደግሞ ተሞክሯል። አራት ዓመት ሙሉ ክፍያ ነበር። ውሸታሙ ቀርቶ እውነተኛው ብቻ ቢገባ፣ ከሚገቡት ክሶች የሚያሸንፈው ድርሻ ከፍ ማለት ነበረበት። የሆነው ተቃራኒው ነው፣ ወረደ። ፍርድ ቤቱም ይህን አንስቶታል። ለመንግሥት ካዝና ገንዘብ ያመጣል የሚለውም አልሠራም፤ ከወጪው ሢሶውን ይሸፍናል ተብሎ የሸፈነው የዚያን ሢሶ ግማሽ ያህል ብቻ ነው።

እንደዚያ ልጅ ዓይነቱን የሚያቆም መንገድ አሁንም አለ፣ ጠበቃዎ አልነገረዎት ይሆናል። ክሱ ደካማ ሆኖ ከታየ ዳኛው "ለመቀጠል እስከ 1,000 ፓውንድ አስይዝ" ብሎ ማዘዝ ይችላል። አስይዞ ከተሸነፈ ወጪው ሊዞርበት ይችላል። ልዩነቱ ምንድነው፦ ይሄኛው ዳኛ ወረቀቱን አይቶ ነው። ክፍያ ግን ማንንም ሳያይ በሩ ላይ ይቆማል።

ምሥራቅ_ለንደን | ኖቬምበር 12፣ ከምሽቱ 1፡30

እትዬ፣ በክብር ነው የምናገረው። 55 ፓውንድ ለብዙ ሰው ምንም አይደለም። የኔ የሳምንት ባስ 24 ከ70 ነው። ከሁለት ሳምንት ባሴ ይበልጣል። ሥራ የለቀቅኩበት ሰሞን ቢጠይቁኝ አልከፍልም ነበር። ስለማልፈልግ አይደለም፤ አሸንፍ ይሆን አላሸንፍ ሳላውቅ የያዝኩትን ከእጄ ማውጣት ስለምፈራ።

የጳውሎስ_ልጅ | ኖቬምበር 12፣ ከምሽቱ 2፡02

"ፍርድ ቤቱን የሚጠቀመው ከሳሹ ነው" ለሚለው የእትዬ ነጥብ፣ ያው ፍርድ ውስጥ የተጠቀሰች አንዲት ሴትዮ አለች።

ሜይ ዶኖሁ ትባላለች። በኦገስት 1928 ስኮትላንድ ፔይስሊ ከተማ ካፌ ገባች። ጓደኛዋ ጂንጀር ቢር ጋበዘቻት። ጠርሙሱ ጥቁር ነው፣ ውስጡ አይታይም። ግማሹን ጠጥታ ቀሪው ሲቀዳ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ አብሮ ወጣ አለች። ታመመች። የገዛችው ጓደኛዋ ስለሆነች ከማንም ጋር ውል የላትም። ደሃ ስለሆነች፣ ወጪ እንዳትጠየቅ፣ እንደ ድኃ ተከራካሪ ነው የተመዘገበችው። በ1932 ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት አምራቹ ለማያውቃት ጠጪም ኃላፊነት አለበት ብሎ ፈረደ። ዛሬ ዓለም ላይ ስንት አገር በዚያ ይመራል።

እሷ በሩ ላይ ክፈይ ተብላ ብትመለስ ያን ቀን የሚጎዳው እሷ ብቻ ነው እንል ነበር። ትራይቡናልም እንዲሁ ነው። አንድ አጽጂ አሸንፋ የወጣች ቀን የሌሎቹ ሺህ አጽጂዎች ፔይስሊፕ ይስተካከላል። እነሱ ፍርድ ቤቱ የት እንዳለ እንኳ አያውቁም።

እርስዎም እትዬ፣ ካፌዎ ውስጥ ለስላሳ ሲከፍቱ ቀንድ አውጣ ሳይፈሩ የሚከፍቱት በእሷ ምክንያት ነው።

እንጀራ_ቤት | ኖቬምበር 12፣ ከምሽቱ 3፡15

ቀንድ አውጣው ደስ ይላል ልጄ። 3,000ው ግን አሁንም ያመኛል።

ስለ ማስያዣው ጠበቃው አልነገረኝም። ይህን ነገ ጠርቼ እጠይቀዋለሁ።

ለልጅቷ ግን አንድ ነገር ልንገራት፣ ቀጣሪ ስለሆንኩ የማውቀው ነው። ሠራተኛ በዋትሳፕ ቢጨቀጭቅ ቀጣሪ አይደነግጥም። ደብዳቤም ቢጽፍ ጠረጴዛ ላይ ይከርማል። ኤካስ ሲደውል ግን ይነሳል። እኔ ያን ስልክ ሳነሳ እጄ ተንቀጥቅጧል፣ ጥፋት የሌለብኝ ሰው። ለምን? ሰውዬው በትሕትና "ካልተስማማችሁ ቀጣዩ ትራይቡናል ነው" ስላለኝ። ቀጣዩ ትራይቡናል ባይሆን፣ ቀጣዩ 390 ፓውንድ ቢሆን፣ እንደዚያ የዕቁብተኛው ሆቴል ዝም እል ነበር። አሁን ስጽፈው ነው የገባኝ።

ቦሌ_ነኝ | ኖቬምበር 13፣ ከጠዋቱ 3፡50

ከአዲስ አበባ ነኝ፣ ይህን ክር አንብቤ ገረመኝ። እኛ ጋ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ለሥራ ክርክር ችሎት ክስ ሲያቀርብ የዳኝነት ክፍያ እንዳይጠየቅ ነጻ አድርጎታል። ሌላ የገንዘብ ክስ ብትመሠርት ግን በምትጠይቀው መጠን ትከፍላለህ። ወደ ሥራዬ ልመለስ ለሚል ሦስት ወር፣ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት ለሚል ስድስት ወር አለው። በ60 ቀን ይወሰን ይላል አዋጁ።

ነጻ ነው ስላችሁ ግን ወጪ የለውም ማለቴ አይደለም። ታክሲ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ቀጠሮ በተቆረጠ ቁጥር ከአዲሱ ሥራ ፈቃድ መለመን። እኔ በአራተኛው ቀጠሮ አዲሱን አለቃዬን የሚሞት አክስት አልቆብኝ ነበር።

ዱባይ_ማታ | ኖቬምበር 13፣ ከቀኑ 6፡10

ኤምሬትስም የሠራተኛ ክስ ከ100,000 ድርሃም ካልበለጠ ከፍርድ ቤት ክፍያ ነጻ ነው። ክፍያው አይደለም እዚህ የሚያስፈራው። ቪዛው በአሠሪው እጅ ነው።

ጠያቂው | ኖቬምበር 13፣ ከምሽቱ 1፡44

እሺ ሁሉም ነጻ። አሸነፈች እንበል። ይከፍሏታል ወይ? ይህን ማንም አልነካውም።

ሕግ_ነክ | ኖቬምበር 13፣ ከምሽቱ 2፡30

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ መልሱም አያስደስትም። ክፍያው በገባበት በ2013 መንግሥት ራሱ ያስጠናው ጥናት ነበር። ካሸነፉት ውስጥ በማስፈጸም ከሄዱ በኋላ እንኳ ሙሉውን ያገኙት 49 በመቶ፣ ከፊሉን ያገኙት 16 በመቶ ናቸው። 35 በመቶው ባዶ እጁን ቀረ። አስቡት፤ 390 ከፍለህ፣ አሸንፈህ፣ ባዶ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ይህን ቁጥር ከክፍያው ጎን አስቀምጦ ነው ያየው።

ለዚህ ነው ኤካስ ላይ መጨረስ የምመርጠው። እዚያ የሚፈረመው ስምምነት ላይ የመክፈያ ቀን ይጻፋል። ትንሽ ዝቅ ቢል እንኳ ኪስ የሚገባ ገንዘብ ነው። ለእህታችን የሚረዳው ነገር ቢኖር፣ ኤጀንሲው ያልከሰረና አሁንም ሰው የሚያሰማራ መሆኑ ነው።

አወያይ | ኖቬምበር 13፣ ከምሽቱ 2፡41

የኤጀንሲውን ስም በውስጥ መስመር የምትጠይቋት ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉአት። ስም ይዞ የሚመጣ መልእክት እናነሳለን።

ምሥራቅ_ለንደን | ኖቬምበር 27፣ ከምሽቱ 3፡05

ተመለስኩ። ብዙ ሰው በውስጥ ስለጠየቀኝ እዚሁ ልጻፈው።

ኤካስ ኖቬምበር 14 አመለከትኩ። ኢንተርኔት ላይ ነው፣ ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም፣ የካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ገጽ ይመጣል ብዬ እስከ መጨረሻው ስጠብቅ ነበር። አልመጣም። ከቀናት በኋላ አንድ ሰውዬ ደወለ። ፔይስሊፖቼን በስልክ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት፣ 39 ሳምንቱንም የሕግ_ነክን ሂሳብ ወረቀት ላይ ጽፌ።

ትናንት ኤጀንሲው መልስ ሰጠ። "ጥፋት የለብንም፣ ለመልካም ፈቃድ ግን 600 ፓውንድ እንሰጣለን፣ ከዚያ ሌላ ጥያቄ እንዳይኖራት ትፈርም" አሉ። ሆሊደይ የለሽም ያሉኝ ሰዎች ናቸው።

ምን ልበል?

አራዳው_በክሮይደን | ኖቬምበር 27፣ ከምሽቱ 3፡09

ከ0.00 ወደ 600 በሁለት ሳምንት። ትንሽ ታገሺ በያቸው፣ የነሱን ቃል።

ዕቁብተኛው | ኖቬምበር 27፣ ከምሽቱ 3፡33

ውሰጂም አትውሰጂም አልልሽም፣ ኑሮሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ግን 600 ያሉት 1,149ን ስላዩ ነው። የጓደኛሽ ባል እንዴት ሆነ? 250ውን ከፍሎ ከነበረ ያኔ ተመልሶለታል ወይ?

እንጀራ_ቤት | ኖቬምበር 27፣ ከምሽቱ 3፡50

ቀጣሪ የመጀመሪያውን ቁጥር ሲጠራ የመጨረሻው እንዳልሆነ ያውቀዋል። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም።

ሕግ_ነክ | ኖቬምበር 27፣ ከምሽቱ 4፡12

ሂሳቡ እንዴት 600 እንደሆነ በጽሑፍ ያሳዩሽ በይ። ሌላ ነገር አትናገሪ። ሂሳብ ከሌላቸው የሚቀራቸው ያንቺ ሂሳብ ነው። የምስክር ወረቀቱ ሲመጣ ደግሞ ቁጥሩን ፎቶ አንስተሽ ለራስሽ ላኪው።

ምሥራቅ_ለንደን | ኖቬምበር 28፣ ከቀኑ 9፡20

ሂሳቡን አሳዩኝ ብዬ ላክሁ። ሰውዬው ሰኞ ይደውሉልሻል ብሎኛል።

ዕቁብተኛው፣ ጓደኛዬን ጠየቅኳት። ባለቤቷ ምንም አልከፈለም። 1,200 ሲሉት ፎርሙን እንኳ አልከፈተውም፣ እዚያው ተወው። መመለሻ መኖሩን ዛሬ ከኔ ነው የሰማችው። ታዲያ ለእሱ ምን ይመለስለታል? አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ሰኞ ጠዋት አዲሱ ሥራዬ ላይ ነኝ። ስልክ መያዝ አይፈቀድም። ንዝረት ላይ አድርጌ ካልሲዬ ውስጥ እከተዋለሁ።